ዳኛ የሌለበት ውድድር
(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)




ብዙዎቻችሁ ስለ ታክሲ ሥራ የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። ስለ ታክሲ ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ቢያንስ ሠላሳ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው በማኅበራችን ውስጥ እስካሁን ያልተነሣ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በትንሽ ባለሸራ ጀልባ ስለሚደረግ ውድድር ነው።

"ጀልባ የሀብታም ጨዋታ አይደለም ወይ?" የምትሉ እንዳላችሁ እገምታለሁ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ነገር ግን የጣና ሰው ደንገል አስሮ ታንኳ ሲሠራ፣ በታንኳውም ከዘጌ እንጨት ጭኖ ገበያ ሲሻገር ማንም ሀብታም አላለውም። እኔ የምወዳደርበት ጀልባ ሌዘር ይባላል። ካናዳዊው ብሩስ ከርቢ የነደፈው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ቀርቦ እስከ ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ከ1996ቱ የአትላንታ ውድድር ጀምሮ የኦሊምፒክ ጀልባ ነው፤ አሁን በዓለም አቀፍ ውድድሮች ኢልካ በሚል ስም ይጠራል። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20 ገደማ፣ የአካሉ ክብደት 59 ኪሎ፣ ሸራው አንድ፣ የሚይዘውም አንድ ሰው ነው። መኪና ጣራ ላይ ታስሮ ይሄዳል። ያገለገለው ዋጋው ካገለገለ መኪና ያነሰ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጀልባ ስለሚይዙም ባለገንዘቡ በገንዘቡ ብልጫ አያገኝም።

ቦታው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከናሽናል ኤርፖርት በስተደቡብ፣ ወንዙ ዳር፣ ዴይንገርፊልድ ደሴት የሚባል ሥፍራ አለ፤ ደሴት ይባል እንጂ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ኤርፖርት ወረፋ ይዘን ስንጠብቅ፣ ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ፖቶማክ ላይ ነጫጭ ሸራዎች ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አሁን እኔ ሸራው ሥር ሆኜ ሽቅብ ሳይ አውሮፕላኑ በራሴ ላይ እያለፈ ያርፋል። የያዘውን ተሳፋሪ ከእናንተ አንዳችሁ እንደምትወስዱት እያሰብሁ በልቤ "ይቅናችሁ" እላለሁ።

እንግዲህ ይህ ጨዋታ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ። ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ጀልባ መሄዱ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መሄዱ ነው። በቀጥታ ፊቱን ለነፋስ የሰጠ ጀልባ ሸራው ይርገበገብና ይቆማል። ከነፋሱ 45 ዲግሪ ያህል ዘወር ካለ ግን ሸራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይጎብጣል፤ በሁለቱ ገጾቹ ላይ የሚያልፈው አየርም የግፊት ልዩነት ይፈጥራል። ይህ ኃይል ጀልባውን ወደ ጎን ሊወስደው ሲሞክር ከሥሩ ውሃ ውስጥ የገባው ሰሌዳ ይከለክለዋል፤ ስለዚህ ያለው መንገድ ወደፊት ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዙ፣ ልክ እንደ ዓባይ በረሃ መንገድ፣ ቀጥታ ሊደርሱበት ከማይችሉት ቦታ ይደረሳል።

በ1993 ዓ.ም. የአምስት ኪሎ የምህንድስና ትምህርቴን ሳልጨርስ ከአገር የወጣሁ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ቬክተር ማለት ለፈተና የሚጠና ነገር ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የሸራው ገመድ መዳፌን ሲጎትተው ያ ትምህርት ተመልሶ መጣልኝ። ከእኛ መካከል ትምህርቱን አቋርጦ መሪ የጨበጠ ብዙ ነው። ያቋረጥነው ትምህርት ጠፍቶ እንዳልቀረ፣ ቦታ ካገኘ እንደሚነሣ ለእነዚያ ወንድሞቼና እኅቶቼ ልነግራቸው እወዳለሁ።

ውድድሩ የሚጀመረው በአንድ የዳኞች ጀልባና በአንድ ተንሳፋፊ ምልክት መካከል ባለ መስመር ነው። 5 ደቂቃ ሲቀረው ባንዲራ ይሰቀላል፤ 4 ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛ ባንዲራ ይጨመራል፤ 1 ደቂቃ ሲቀረው ሁለተኛው ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ሲወርድ መነሻው ነው። ጀልባ ፍሬን የለውም። ነፋሱ ይገፋል፤ ወንዙም ከባሕር ጋር አብሮ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚሞላና ስለሚጎድል ውሃው ራሱ ይወስዳል። በዚህ ሁሉ መካከል ባንዲራው በሚወርድበት ሰኮንድ መስመሩ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ቀድሞ ያለፈ ተመልሶ ይጀምራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን የአባቶች አነጋገር እንደዚያች 5 ደቂቃ አድርጎ ያስረዳኝ የለም።

የዳኞች ጀልባ አልሁ እንጂ እነዚያ ሰዎች ሥራቸው መነሻና መድረሻውን መመዝገብ ነው። መንገድ ላይ የሚሆነውን የሚያይ ፊሽካ የያዘ ሰው በእኛ ዓይነቱ የክለብ ውድድር የለም። ሕጉ ግን አለ፤ በዓለም አቀፉ የሸራ ጀልባ ፌዴሬሽን በየ4 ዓመቱ ታትሞ ይወጣል። ነፋስ በግራ ጎኑ የሚቀበል ጀልባ በቀኝ ጎኑ ለሚቀበለው መንገድ ይለቃል። ሁለቱም በአንድ ወገን የሚቀበሉና ጎን ለጎን የሆኑ እንደሆነ ለነፋሱ የቀረበው ለራቀው ይለቃል። ከኋላ የሚመጣ ከፊቱ ላለው ይጠነቀቃል። መንገድ የከለከለ ሰው ከሌሎቹ ፈንጠር ብሎ በጀልባው ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ምልክቱን የነካ አንድ ጊዜ ይዞራል። "ዙር" የሚለው የለም፤ ራሱ ነው የሚዞረው። የተበደለው "ፕሮቴስት!" ብሎ በጊዜው መጮህ ይችላል፤ ካልተስማሙም ከውድድሩ በኋላ ሸንጎ ተቀምጦ ሁለቱንም ሰምቶ ይፈርዳል። የሕጉ መሠረት ግን ያጠፋ ሰው ሳይከሰስ ቅጣቱን ይወስዳል የሚል ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ የበልግ ወቅት በነጥብ ይመሩ የነበሩ ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። በመጨረሻው ውድድር ላይኛውን ምልክት ሲዞሩ የሸራቸው ጫፍ ምልክቱን ነካ አደረገው። ከእኔ በቀር በቅርብ የነበረ አልነበረም፤ እኔም ያየሁ መሆኔን እርሳቸው አላወቁም፤ ፊታቸው ወዲያ ነበር። ወዲያው ከመንገድ ወጡና ጀልባቸውን አዞሩ። ሃያ ሰኮንድ ያህል ቢፈጅባቸው ነው፤ በዚያ መካከል ሁለት ጀልባ አለፋቸው፤ የወቅቱም ዋንጫ በ1 ነጥብ ልዩነት ለሌላ ሰው ሆነ። ማታ እራት ላይ ነገሩን ያነሣባቸውም ያነሣላቸውም አልነበረም። እኔ የተደነቅሁት በመዞራቸው ብቻ አይደለም፤ ከዞሩ በኋላ ነገሩ ያለቀ በመሆኑ ነው።

የነጥቡም አቆጣጠር አስተማሪ ነው። አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2፣ እያለ ይቀጥላል፤ በወቅቱ መጨረሻ ያነሰ ድምር ያለው ያሸንፋል። የቀረ ሰው ከተመዘገቡት ጀልባዎች ቁጥር በ1 የበለጠ ነጥብ ይጻፍበታል። ለምሳሌ 12 ጀልባ ተመዝግቦ በ6 እሑድ ስድስት ውድድር ይደረጋል እንበል፤ የእያንዳንዱ ሰው መጥፎ ውጤት አንዱ ይሰረዝለታል። ሦስት ጊዜ አንደኛ ወጥቶ ሦስት ጊዜ የቀረው ጎበዝ 1 ሲደመር 1 ሲደመር 1፣ ሲደመር 13 ሲደመር 13፣ በድምሩ 29 ነጥብ ይሆናል። ሁልጊዜ አራተኛ የወጣው ሰው 20 ነጥብ ነው። ያ ምንም ጊዜ ያላሸነፈ ሰው ጎበዙን ይበልጠዋል፤ ምክንያቱም መጥቷል። ደግሞም ለሁሉም ሰው አንድ ክፉ ቀን እንደሚኖረው ታውቆ ከመዝገብ ይፋቅለታል።

ከማሸነፍ የሚበልጥ ሕግም አለ፤ ይኸውም አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት ግዴታ መሆኑ ነው። አገራችን ባልተካፈለችበት በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ካናዳዊው ሎረንስ ለሚዩ በፑሳን ባሕር ላይ ሁለተኛ ሆኖ ሲሄድ ጀልባቸው የተገለበጠባቸው ሁለት የሲንጋፖር ተወዳዳሪዎች አየ። መንገዱን ትቶ ሄዶ አወጣቸው። ዳኞቹም ለዚያ ውድድር ሁለተኛነቱን መለሱለት፤ በጠቅላላ ውጤት 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። የፒየር ደ ኩበርቲን ሜዳልያም ተሰጠው። በዚያ ዓመት የወርቅ ሜዳልያ የወሰደውን ስም የማያውቅ የጀልባ ሰው የለሚዩን ስም ያውቃል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

ይህን ሁሉ ያወራሁት ጀልባ ለማስገዛት አይደለም። ማኅበራችን 10 ዓመት ሞላው። ይህን ማኅበር ካቆሙት መካከል ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሌሉ አሉ። ለምን እንደሌሉ ሁላችንም እናውቃለን። በሒሳብ ሪፖርት ላይ በተነሣ ክርክር፣ አንድ ጠረጴዛ ከብበው ቡና ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ለቅሶ ቤት እንኳ ተገናኝተው እንዳልተያዩ ያልፋሉ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ዛሬ አላነሣም። መተዳደሪያ ደንብ አለን፤ ደንባችን ግን ያጠፋን ማስወገድ እንጂ ያጠፋ ሰው እንዴት ተመልሶ ወደ መስመሩ እንደሚገባ አይናገርም። ሰው መመለሻ መንገድ ካጣ ጥፋቱን ይክዳል፤ ሲክድ ከሳሽ ይበዛል፤ ከሳሽ ሲበዛ ቤቱ ይፈርሳል። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ስለነበር በሽምግልና ታርቀው ማዕድ ከቆረሱ በኋላ የታረቁበትን ነገር መልሶ ማንሣት ነውር ነበር። በባዕድ አገር ወንዝ ላይ ያየሁት የእኛኑ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር፤ ራሱ መጥቶ ያስታወቀ አባል ወይም የኮሚቴ ሰው የሚከፍለው ቅጣት ትንሽና የታወቀ ይሁን፤ ከከፈለም በኋላ ነገሩ በስብሰባ እንዳይነሣ። ሁለተኛ፣ ከእኛ የራቁትን መሥራቾች ሁላችንም የፈረምንበት ደብዳቤ ይዘው የሚሄዱ ሽማግሌዎች ዛሬውኑ እንድንመርጥ።

በመጨረሻም ለወጣቶቻችን አንድ ቃል አለኝ። ከሚያዝያ ጀምሮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዙ ዳር እገኛለሁ። ብዙዎቻችን ወላጆች ዋና አናውቅም፤ ልጆቻችን ግን እንዲያውቁ ማድረግ እንችላለን። ዋና የተማረ፣ ወላጁ የፈቀደለት ልጅ ይምጣ፤ መንሳፈፊያ ሰደርያውን እኔ አዘጋጃለሁ። ጀልባው ይገለበጣል፤ ይህን ከአሁኑ እወቁት። ሲገለበጥ ሰሌዳው ላይ ቆሞ መልሶ ማቃናት የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ማኅበራችን ሌላ 10 ዓመት፣ ከዚያም ሌላ 10 ዓመት ይኑር።