እግር ሲያርፍ ሰውነት አይተኛ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ተጎዳ እግር ነው። በሬ የረገጠው፣ ቁልቁለት ሲወርድ እግሩ ወለም ያለው፣ ከዛፍ ወድቆ አጥንቱ የተሰበረ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ መደብ ላይ ይተኛል። ጎረቤት ይጠይቀዋል፤ ይበላል፤ ተመልሶ ይተኛል። ከወር ከምናምን በኋላ ሲነሣ ግን ሞፈር ጨብጦ ጥቂት ትልም ማውጣት ያቅተዋል። ምን ነካው? እግሩማ ድኗል! የደከመው ሌላው አካሉ ነው። ጡንቻ ካልሠራ ይሟሽሻል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንኳ ባትና ጭን መቅጠን ይጀምራሉ። ስለዚህ እግሩ ይረፍ፣ ሰውዬው ግን አይተኛ እንላለን።

በመጀመሪያ ጉዳቱ ይታወቅ። አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው፣ እግሩ የተጣመመ ወይም አጥንቱ ሲነካ ክፉኛ የሚያመው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቁስል ካለውም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪም ይየው። እኛ ወጌሻን አንንቅም፤ ስንቱን ያቃኑ አሉ። ነገር ግን በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሠር አደገኛ ነው። የተጎዳ እግር ያብጣል፤ እስሩ ደሙን ከዘጋው ሥጋው ይሞታል። በዚህ ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች በአገራችን አሉ፤ ልጆችም ጭምር። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ «ነገ ይሻለዋል» አይባልም። እስሩ በዚያችው ሰዓት ተፈትቶ ወደ ሐኪም ይኬዳል። ወጌሻው ቢቀየምም ይቀየም!

ወለምታ ብቻ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸትና ማሞቅ ይቅር፤ እብጠቱን ያብሳልና። በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ሩብ ሰዓት ያህል ማድረግ፣ ሲተኙም እግርን ከደረት ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይረዳል።

ከዚያስ? ከዚያማ ሥራ አለ። ተጋድሞ ጉልበትን በመዘርጋት የጭንን ጡንቻ ግትር አድርጎ እስከ አምስት መቁጠር፣ ከዚያ መልቀቅ፤ ይህን ዐሥር ጊዜ። እግርን ሳያጥፉ ስንዝር ያህል ማንሣት። ጣቶችን ማንቀሳቀስ። ተቀምጦ በሁለት እጅ መደቡን እየገፉ ከመቀመጫ ብድግ ማለትም ጥሩ ነው፤ ልጆች ይስቁ ይሆናል፣ ይሳቁ! በምርኩዝ ለመሄድ የጠነከረ ክንድ ያስፈልጋል። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ግን ሐኪሙ የፈቀደለትን ብቻ ይሥራ። ገመድ መግመድ፣ ጥራጥሬ መልቀም፣ ጥጥ መፍተል፣ ይህም ሁሉ ተቀምጦ የሚሠራ ነው።

ሻምበል አበበ ቢቂላን የማያውቅ የለም። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው ያ ጀግና በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት ስለ ነበር ሩጫውን አቋረጠ። የታመመ እግር ለሻምፒዮንም አይታዘዝም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። አበበ ግን አልተኛም። በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እግሩ እምቢ ቢለው ክንዱን አሠለጠነ።

እግሩ መርገጥ ሲጀምር ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በምርኩዝ አያያዝ ነው። ምርኩዝ የሚያዘው በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በጤነኛው በኩል ነው። ቀኝ እግር ከታመመ ምርኩዙ በግራ እጅ ይሆንና ከቀኙ እግር ጋር እኩል ይራመዳል።

ወደ እርሻ ሲመለሱ ለመጀመሪያው ቀን እስከ ረፋድ ይበቃል። ማታ እግሩ ካበጠ በማግስቱ ሥራው ይቀነስ፤ ካላበጠ ጥቂት ይጨመር።