ሩጫ ኑሮ ሲሆን፦ ሳምንታት ስለሚፈጁ ውድድሮች
(ለሕዝብ ከቀረበ ገለጻ የተወሰደ ሙሉ ቃል)



በእኛ አገር «ረጅም ርቀት» ሲባል አሳባችን ወደ 10 ሺህ ሜትር፣ ቢርቅም ወደ ማራቶን ይሄዳል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ዛሬ የማነሳው ሩጫ ግን በሰዓት አይለካም። ሯጩ በውድድሩ መካከል ይተኛል፣ ልብሱን ያሳጥባል፣ ጥፍሩን ይቆርጣል፣ ይታመማል፣ ይድናል፤ ውድድሩም ገና ነው። እንዲህ ያለው ሩጫ የማራቶን ታላቅ ወንድም ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዝምድናቸው እጅግ የራቀ ይመስለኛል። ርቀቱ በሳምንታት ሲቆጠር የሚፈተነው ነገር ራሱ ይለወጣልና፣ ይህን ላስረዳ እሞክራለሁ።

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል፣ አንድ የሙያ ትምህርት ቤትና የመጫወቻ ሜዳ ያሉበትን ብሎክ የሚዞር የእግረኛ መንገድ አለ። የአንዱ ዙር ርዝመት 883 ሜትር ነው። ተወላጅነቱ ከቤንጋል የሆነው የመንፈሳዊ ሕይወት መምህር ስሪ ቺንሞይ የመሠረተው የ3,100 ማይል ሩጫ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የተካሄደው በዋናነት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ርቀቱ ወደ 4,989 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ለመጨረስ 5,649 ዙር ያስፈልጋል። የተፈቀደው ጊዜ 52 ቀን ነው። ኮንክሪቱ ለእግር የማይራራ ነው። ውድድሩ ለብዙ ዓመታት የተካሄደውም በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወበቅ ውስጥ ነው።

መንገዱ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን፣ የሚዘጋው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራ። 4,989 ኪሎ ሜትር ለ52 ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 96 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህን ለ18 ሰዓት ብናካፍለው በሰዓት 5.3 ኪሎ ሜትር ብቻ እናገኛለን፤ ይህም ታክሲ እንዳያመልጠው የሚቻኮል ሰው እርምጃ ነው። ከእናንተ መካከል ይህን ፍጥነት ለአንድ ሰዓት የማይችል ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ያለው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ 17 ሰዓት፣ ከዚያም ሌላ 51 ቀን መኖሩ ላይ ነው። ለምሳ 40 ደቂቃ የተቀመጠ ሰው 40 ደቂቃ ተበድሯል። ዕዳውን የሚከፍለው ወይ ፍጥነት ጨምሮ፣ ወይ ከእንቅልፉ ቀንሶ ነው። እንቅልፉ ደግሞ ከመነሻው ጠባብ ነው፤ በእኩለ ሌሊትና በንጋት መካከል ካለው 6 ሰዓት ላይ ወደ ማደሪያ መመላለሻው፣ መታጠቡ፣ እግር ማከሙ ይቀነሳል።

ታዲያ ቀኑ ምን ይመስላል? የዚህ ሩጫ ዋና ጉዳዮች በጣም ትናንሽ ናቸው። እግር ያብጣል፤ በመጀመሪያው ቀን ልክ የነበረው ጫማ ከሳምንታት በኋላ ስለሚጠብ፣ ጣት እንዲተነፍስ የጫማቸውን አፍንጫ በምላጭ የሚቆርጡ ሯጮች አሉ። ውኃ የቋጠረ ተረከዝ ባግባቡ ካልታከመ ሯጩ ለእግሩ ሲያዳላ አረጋገጡ ይዛባል፤ የተዛባው አረጋገጥ ጉልበትን፣ ጉልበት ደግሞ ዳሌን ይጎትታል። በማራቶን እንዲህ ያለውን ሕመም ጥርስ ነክሶ ማለፍ ይቻላል፤ መጨረሻው ቅርብ ነውና። እዚህ ግን ዛሬ በጥርስ ንክሻ የታለፈ ሕመም ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አድጎ ይጠብቃል። ስለዚህ በወኔ ብቻ የሚሮጥ ሰው አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ስፖርት ሲጻፍ «ፈቃደ ኃይል»፣ «የመንፈስ ጽናት» የሚሉ ቃላት ይበዛሉ። ዋጋቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ለተረከዝ ቁስል የሚተርፍ ትዕግሥት ከወኔ በላይ የሚሠራ ይመስለኛል።

አንድን ብሎክ 5,649 ጊዜ መዞር ለሚሰማው ሁሉ ቅጣት ይመስላል። ነገር ግን ምግብ የተዘረጋበት ጠረጴዛ በየ883 ሜትሩ ይገኛል። መጸዳጃውም፣ እግር የሚያክመውም፣ ዙር ቆጣሪውም እዚያው ናቸው። ታማሚ ሯጭ ከረዳቶቹ ከጥቂት መቶ ሜትሮች በላይ አይርቅም። ሁልጊዜ በአንድ በኩል መታጠፍ አንዱን እግር ስለሚጎዳ የዙሩ አቅጣጫ በየቀኑ ይገለበጣል። የውድድሩን ፈጣን ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2015 ያስመዘገበው ፊንላንዳዊው አሽፕሪሃናል አልቶ ሲሆን፣ በ40 ቀን ከ9 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ጨርሷል። በአማካይ ሲሰላ በቀን ከ123 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በአገሩ መተዳደሪያው ጋዜጣ ማደል ነበር።

ወደ ሳይንሱ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከካሊፎርኒያ እስከ ዋሽንግተን ዲ.ሲ. በ20 ሳምንት ገደማ የተሮጠ አንድ ውድድር ነበር። ሯጮቹ በሳምንት ስድስት ቀን በቀን አንድ ማራቶን ያህል ይሮጡ ነበር። ኸርማን ፖንትዘርን ጨምሮ የተመራማሪዎች ቡድን የጥቂቶቹን የኃይል ፍጆታ ለክቶ ውጤቱን በ2019 አሳተመ። ሰውነት ሙሉ ዕረፍት ላይ ሆኖ ለመኖር ብቻ የሚያቃጥለውን ኃይል እንደ አንድ እንውሰድ። ሯጮቹ መጀመሪያ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ያቃጥሉ ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ ግን፣ ሩጫው ሳይቀንስ፣ ሰውነታቸው ቆጣቢ ሆነ፤ በመጨረሻው ከሚጠበቀው በቀን ወደ 600 ካሎሪ ያህል ያነሰ ያቃጥሉ ነበር። ቡድኑ ከሌሎች ውድድሮች መረጃ ጋር አነጻጽሮ፣ ለረጅም ጊዜ ሊቀጥል የሚችለው ጣሪያ 2.5 እጥፍ ገደማ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ምክንያቱን የፈለጉት በምግብ መፍጫው ውስጥ ነው፤ አንጀት በቀን ሊያስገባ የሚችለው ኃይል ልክ አለው፣ ከዚያ በላይ የወጣው ከራስ ሥጋና ስብ ይከፈላል። በዚሁ ጥናት እርግዝናም ተነጻጽሯል፤ ከፍተኛው 2.2 እጥፍ ገደማ ነው። እናቶቻችን ደረት ላይ ቁጥር ሳይለጠፍላቸው ወደዚያው ጣሪያ ተጠግተው ዘጠኝ ወር ይቆያሉ ማለት ነው።

ሌላው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ከጣሊያኗ ባሪ እስከ ኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ በ64 ቀን በተሮጠው ውድድር ላይ የተደረገ ነው። ጀርመናውያን ተመራማሪዎች የኤም አር አይ መሣሪያ በከባድ መኪና ጭነው 4,487 ኪሎ ሜትር ሯጮቹን ተከተሉ። የአንጎል ግራጫ ክፍል መጠን በሩጫው ማብቂያ 6 ከመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ፤ ከስምንት ወር በኋላ ግን ተመልሷል። የአጥንት መጋጠሚያን የሚሸፍነው ካርቲሌጅ ደግሞ መጀመሪያ የመጎዳት ምልክት ካሳየ በኋላ፣ ሯጩ ገና እየሮጠ ሳለ መልሶ ማገገም ጀመረ። ይህ ብዙዎችን አስገርሟል፤ ካርቲሌጅ የሚያገግመው በዕረፍት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሰውነት ነው። ይህ ሰውነት ለማን ይሮጣል የሚለውን ለማየት ወደ 1928 ልመለስ። ሲ. ሲ. ፓይል የተባለ የስፖርት ነጋዴ ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ዮርክ ውድድር አዘጋጀ። ርቀቱ 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአንደኛው ሽልማት 25 ሺህ ዶላር ነበር። 199 ሯጮች ተነሡ፤ ከ84 ቀን በኋላ የደረሱት 55 ብቻ ናቸው። በየከተማው ሕዝብ ለማየት የሚከፍልበት ትርዒት አብሯቸው ይጓዝ ነበር። ኤዲ ጋርድነርን የመሰሉ ጥቁር ሯጮች የዘር መድልዎ ሕግ በጸናባቸው አካባቢዎች ሲያልፉ ዛቻ ደርሶባቸዋል፤ ከድካሙ በላይ ሞትን እየፈሩ ሮጠዋል። ያሸነፈው ከኦክላሆማ የመጣ የ20 ዓመት የቼሮኪ ተወላጅ፣ አንዲ ፔይን፣ የገበሬ ልጅ ነበር። በሽልማቱ የቤተሰቡን እርሻ ከዕዳ አስለቀቀ። እግሩ ባስገኘለት ገንዘብ ለወላጆቹ ቤት የሠራ የእኛ አገር ሯጭ ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ፔይን ከዚያ በኋላ ወደ ሩጫ አላዘነበለም፤ እ.ኤ.አ. በ1934 የኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠና በዚያ ሥራ ላይ አሥርት ዓመታት ቆየ።

በዓመቱ ፓይል ውድድሩን ገልብጦ ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ አስሮጠ። ጆኒ ሳሎና ፒት ጋቩዚ ከ525 ሰዓት በላይ ከሮጡ በኋላ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ብቻ ሆነ። ሳሎ አሸነፈ። ፓይል ግን ገንዘቡ አልቆበት ነበር፤ ለአሸናፊውም፣ ለሁለተኛውም ቃል የገባውን ሽልማት አልከፈለም።

ለጥያቄ 20 ደቂቃ ቀርቶናል።