ብላክፑል በየትኛው ወር ይሻላል?

እሷ፦ በእንግሊዟ የባሕር ዳር ከተማ በብላክፑል ለማረፍ ያሰበ ሰው ከሆቴሉ በፊት ወሩን ይምረጥ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ዝግ ስለሆኑ አልጋ ይወደዳል፤ ዳርቻውም በሰው ይሞላል።

እሱ፦ መስከረም ይሻላል ማለት ነው?

እሷ፦ በጣም! ተማሪው ይመለሳል፤ ዝነኛው የመብራት ትርኢትም ያኔ በርቷል። እ.ኤ.አ. በ1879 በስምንት የኤሌክትሪክ መብራቶች የተጀመረው ትርኢት ዛሬ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል። እሱን ለማየት ከ1885 ጀምሮ የሚሠራው ትራም አለ።

እሱ፦ ከተማዋን ማን እንዳሳደጋት መረሳት የለበትም፤ የላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ባቡር በ1846 ገባ። የየከተማው ፋብሪካ በተራ ለአንድ ሳምንት ሲዘጋ ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ተሳፍሮ ይመጣ ነበር። በ1894 የተከፈተው 158 ሜትር ማማም የተሠራው እንዲህ ላለው ሕዝብ መዝናኛ ነው። ከሥሩ ያለውን የዳንስ አዳራሽ ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል፤ ጣሪያው በሥዕል የተሞላ፣ ወለሉ ጥርብ እንጨት።

እሷ፦ ወደዚያ ለመሄድ ከለንደን ዩስተን ጣቢያ ባቡሩ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ፕሬስተን ላይ ይቀየራል።

እሱ፦ ልጆች የያዘ ደግሞ ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ጠዋት ይጠይቅ። ውኃው ሲሸሽ አሸዋው ሰፊ ሜዳ ነው፤ ሲመለስ ግን እስከ ግንቡ ይደርሳል።

እሷ፦ ነፋሱም ብርቱ ነውና ጃኬት አይረሳ።