ከጎጀብ እስከ ሊፓሪ
(በ18 ማዞሪያ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «አንድ የታሪክ ነገር ንገረን፣ ግን አታርዝም» ስላሉኝ፣ ወደ ኮልፌ የመጣሁት የአንድ ምሽግ ወሬ ይዤ ነው።

ከሲሲሊ በስተሰሜን ሊፓሪ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከባሕሩ ዳር በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ምሽግ ቆሞባታል። አለቱ ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ ሰው ኖሮበታል። ግሪኮች አጠሩት፤ ኖርማኖች በሐዋርያው በርተሎሜዎስ ስም ካቴድራል ሠሩበት። በ1544 እ.ኤ.አ. የኦቶማኑ የባሕር ኃይል አዛዥ ባርባሮሳ ከተማዋን ከቦ ያዘና ብዙ ሺህ ነዋሪዎቿን ለባርነት ወሰደ። ያው የኦቶማን መንግሥት ከ13 ዓመት በኋላ የእኛን ምጽዋ ያዘ። ዛሬ የሚታየውን ወፍራም ግንብ የሠሩት ከዚያ ጥፋት በኋላ ስፔኖች ናቸው።

ያ ሁሉ ድንጋይ የተከመረው ጠላት እንዳይገባ ነበር። ሙሶሊኒ ግን ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገዛ አገሩ ሰዎች እንዳይወጡ አደረገው፤ ተቃዋሚዎቹን እዚያ አጋዘ። በ1929 እ.ኤ.አ. ካርሎ ሮሴሊና ሁለት ጓደኞቹ በሞተር ጀልባ አመለጡት።

እንግዲህ ወደ እኛ ልምጣ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጣሊያን እጅ ወደቁ። አብረዋቸው ከተያዙት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ የተባሉ ወጣት አርበኛ ነበሩ። ራስ እምሩ ፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ሐዲስም መጀመሪያ ፖንዛ፣ ኋላ ሊፓሪ ታስረው፣ ነፃ የወጡት የተባበሩት ኃይሎች ሲደርሱ ነው። ሙሶሊኒስ? በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ እሱም ታስሮ የተወሰደው ወደዚያችው ወደ ፖንዛ ነበር!

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ወጣ። ሁላችንም አንብበነዋል፤ ደራሲው በየትኛው ባሕር መካከል ታስረው እንደነበር የምናውቅ ግን ስንቶቻችን ነን?

ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሴትና ሕፃን ሳይቀር ወደ ጣሊያን ተግዘዋል። ከመካከላቸው አዚናራ በምትባል ሌላ ደሴት የታሰሩ አሉ። ልዕልት ሮማነ ወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ከነዚህ አንዷ ነበሩ፤ በ1940 እ.ኤ.አ. ቱሪን ውስጥ እንደታሰሩ አረፉ።

የሊፓሪ ምሽግ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የሸክላ ስብርባሪ እንኳ ቁጥር ተሰጥቶት ተቀምጧል። የእኛ ግዞተኞች ታሪክስ የት ተቀምጧል? አንዳንዱ በየቤታችን፣ በአያት ሣጥን ውስጥ ያለ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ነው። ቤት ሲፈርስና ዕቃ ሲጓዝ መጀመሪያ የሚጣለው ደግሞ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይኼ ነው። ከዘመዶቻችሁ መካከል በጣሊያን ጊዜ የተጋዘ ካለ፣ የሚያውቁትን አዛውንት ዛሬ ነገ ሳትሉ ጠይቁ፤ ስምና ቦታ ጻፉ፤ ፎቶውን ገልብጡ። ለሚመጣው ዓመት መጽሔታችን የእያንዳንዳችሁን አንድ ገጽ እጠብቃለሁ።