የተዘጋ አፍንጫና የተቆራረጠ እንቅልፍ

(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በስብሰባችን ላይ የሚያንቀላፉ እህቶች "ሰነፍ" ሲባሉ እሰማለሁ። እኔ በነርስነቴ የማያቸው ብዙዎቹ ግን ሰነፎች አይደሉም፤ አፍንጫቸው የተዘጋባቸው ናቸው።

ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን እንጀራ ጋግረን የምናድር? የማገዶ ጭስ ዓይን ብቻ አያስለቅስም፤ የአፍንጫን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣል፣ ያሳብጣልም። በርበሬ የምታዘጋጁትማ ታውቁታላችሁ። ሕመሙ ከ12 ሳምንት ካለፈ ሥር ሰደደ ይባላል። "ሳይነስ አለብኝ፣ ለምጄዋለሁ" የምትል ሴት ሌሊቷን አትነግረንም።

ስንጋደም በአፍንጫችን ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ይሞላሉ። ቀን በመጠኑ ክፍት የነበረው ቀዳዳ ይደፈናል፤ ንፍጡ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ያስላል። በአፍ ሲተነፈስ ጉሮሮ ይደርቃል፣ ማንኮራፋትም ይመጣል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝታ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሳችውን ሴት 7 ሰዓት ተኛች ትላላችሁ። እሷ ግን ሳይታወቃት ደጋግማ ስትባንን ነው ያደረችው። ጠዋት ራሷን እያመማት ትነሳና ምጣዷን ትጥዳለች።

ከመኝታ በፊት አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ይረዳል። ለሩብ ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ውሃው የግድ ፈልቶ የበረደ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ እንዲሁ አይገባም። ትራስም ከፍ አድርጉ። የባሕር ዛፍ እንፋሎት ለጊዜው ቀለል ያደርጋል፤ ነገር ግን የፈላ ድስት ተደፍቶባቸው የተቃጠሉ ስላሉ ልጆችን አታስጠጉ።

አጥብቄ የምናገረው ስለ አፍንጫ መክፈቻ ጠብታ ነው። ወዲያው ስለሚከፍት እንወደዋለን። ከ5 ቀን በላይ ሲወሰድ ግን አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል፤ ከዚያ ያለ ጠብታ መተኛት ያቅታል። ሐኪም የሚያዝዘው ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ የአፍንጫ መድኃኒት ሌላ ነው፤ አታምታቱት።

ዓይን አካባቢ ካበጠ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ደም ከመጣ፣ ወይም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ቆም እያለ ከተመለሰ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሁሉም ግን ጭሱ ካልቀነሰ ድካም ነው። ምርጥ የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ጭሱም ያንሳል። ማኅበራችን ለንግድ እንደሚያበድረው ሁሉ ለምድጃ መግዣና ለጭስ መውጫ ማሠሪያም እንዲያበድር፣ ደጋፊዎቻችንም በዚህ እንዲያግዙን እጠይቃለሁ። ሐሳቡን በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ አቀርባለሁ።