በሽተኛን በቤቱ የማስታመም አገልግሎትና የጥራቱ መመዘኛ



እንደሚታወቀው በሽተኛን በቤቱ ማስታመም ከዘመናዊ ሕክምና እጅግ የቀደመ ተግባር ነው። በኢትዮጵያም ዘመድና ጎረቤት ተራ እየገባ ሲያስታምም ኖሯል። ይሁን እንጂ ነርስ ወደ ቤት ስትገባ ከደግነት የበለጠ ይጠበቅባታል፤ ይኸውም ሊመዘን የሚችል ሥራ ነው።

በ1859 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ በሊቨርፑል ከተማ፣ ዊልያም ራትቦን የተባለ ነጋዴ ሟች ባለቤቱን ያስታመመችውን ነርስ ሜሪ ሮቢንሰንን ድሆችን በየቤታቸው እንድትረዳ ለ3 ወር ቀጠራት። ሮቢንሰን ባየችው ችግር ተጨንቃ ሥራውን ልትተው ብትጠይቅም፣ በኋላ ግን ጸንታ ቀጠለች። ሙከራው ፍሬ ቢሰጥም የሠለጠኑ ነርሶች ስላልተገኙ ራትቦን ፍሎሬንስ ናይቲንጌልን አማከረ፤ በ1862 እ.ኤ.አ.ም በከተማው የነርሶች ማሠልጠኛ ተከፈተ። መልካም ፈቃድ ሥራውን አስጀመረ፤ ያጸናው ግን ሥልጠና ነበር።

ሥልጠና ብቻውን ደግሞ አይበቃም። በሆስፒታል የነርሷን እጅ የሚያይ ብዙ ዐይን አለ፤ በቤት ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከበሽተኛው ጋር ብቻዋን ናት። እጅ ሳይታጠብ ቁስል ቢነካ፣ የመድኃኒት መጠን ቢዛነፍ፣ መንቀሳቀስ የማይችል በሽተኛ ሳይገላበጥ ቢያድር፣ ጥፋቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። የአልጋ ቁስል በጥቂት ሰዓታት ሊጀምር፣ ለመዳን ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ስለዚህ በበሽተኛው ራስጌ አንድ ደብተር ሊኖር ይገባል። የተሰጠው መድኃኒት ከመጠኑና ከሰዓቱ ጋር፣ በሽተኛው የተገላበጠበት ሰዓት፣ የቁስሉ ሁኔታ፣ እንዲሁም ነርሷ በአስቸኳይ እንድትጠራ የሚያደርጉ ምልክቶች ይጻፉበታል፤ ማንበብ ለማይችል አስታማሚም ምልክቶቹ በሥዕል ይመለከታሉ። ይህ ደብተር ለቤተሰቡ መመሪያ፣ ለተተኪዋ ነርስ መረጃ፣ ለተቆጣጣሪው ማስረጃ ይሆናል።

ነገር ግን ስሕተቷን በቅንነት የጻፈች ነርስ ወዲያው የምትቀጣ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጻፈው እውነት አይሆንም፤ በሽተኛውም ከለላውን ያጣል። ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ማን አጠፋ?» ብሎ ሳይሆን «ጥፋቱ ለምን ሊደርስ ቻለ?» ብሎ ነው። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ቸልተኝነት ግን በዚህ ሽፋን ሊያልፍ አይገባውም።

የቤት ለቤት አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ሁሉ ይህን ደብተር እንደ ቴርሞሜትር ከነርሷ የማይለይ የሥራ መሣሪያ ሊያደርገው ይገባል። የነርስነት ሙያ ክብሩን የሚጠብቀው፣ ተመልካች በሌለበት ጓዳ የተሠራው ሥራ በማግስቱ በብርሃን ሲነበብ የማያሳፍር ሲሆን ነው።