ትዝታ ሐዘን ብቻ ነውን?



የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በወረኢሉ የአማርኛ መምህር ሳለሁ፣ ስለ አንድ የትዝታ ዘፈን ባወጣሁት ፈተና «የዘፋኟ ስሜት ምንድን ነው?» ስል ጠየቅሁ። ምርጫዎቹ ሐዘን፣ ደስታ፣ ቁጣና ተስፋ ነበሩ። አንድ ተማሪ አንዱንም ሳይመርጥ ከሥር «ሁሉም» ብሎ ጻፈ። እኔም መልሱ ሐዘን ነው ብዬ አምን ነበርና በቀይ ቀለም ሰረዝሁት።

ክረምቱን እዚያው ከረምሁ። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት የነበሩት አሮጊት አመሻሽ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ትዝታ ያንጐራጕራሉ። ጥሏቸው የሄደውን ሰው በአንዱ ስንኝ ይወቅሱታል፤ በተከታዩ ይመርቁታል። ትዝታንም እንደ ሰው ጠርተው «ተወኝ» ካሉት በኋላ፣ ወዲያው «አትራቀኝ» ይሉታል። ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ከንፈራቸው ፈገግ ይላል። «እማማ፣ ይኸ የሐዘን ነው ወይስ የደስታ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አይ ልጄ! ሐዘን ብቻ ቢሆንማ አለቅስ ነበር እንጂ ምን አዘፈነኝ? ደስታ ብቻ ቢሆንማ ምን አስለቀሰኝ?» አሉኝ። ያን ጊዜ የተማሪዬ ወረቀት ትዝ አለኝ።

እንደሚታወቀው ሁሉ «ትዝታ» የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን ይሰይማል፤ ይኸውም ያለፈውን ማስታወስን፣ ዘፈኑንና ዘፈኑ የሚዜምበትን ቅኝት ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም ሲጠሩ፣ ትዝታ የተጠራው በልብ ሥራ ነው። ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን፣ ግማሹ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ከዚህ ተነሥቶ «ሙሉው የደስታ፣ ግማሹ የሐዘን ነው» የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን ዘፋኞቻችን በሙሉው መራራ ወቀሳ፣ በግማሹም የተስፋ ስንኝ ሲያዜሙ እንሰማለን። የሙላቱ አስታጥቄ «ትዝታ» ደግሞ ቃል የሌለው የመሣሪያ ሥራ ሆኖ ሳለ ሁለቱንም ስሜት በአንድነት ያሰማል።

በመሠረቱ የስሕተታችን ምንጭ ትምህርታችን ይመስለኛል። ሰምና ወርቅን ስንማር፣ ላዩን ገልጠን ከሥር ያለውን አንዱን እውነተኛ ትርጕም መፈለግን ለመድን። በዚህም ልማድ ትዝታን ስንሰማ ምርቃቱን ሰም፣ ሐዘኑን ወርቅ፣ ወይም ፍቅሩን ሰም፣ ቂሙን ወርቅ እናደርጋለን። በትዝታ ግን ወቀሳውም ምርቃቱም ከላይ ናቸው፤ አንዱ የሌላው መሸፈኛ አይደለም። የተለየን ሰው የሚወቅስ ገና የሚፈልገው ነው፤ የሚመርቀውም መሄዱን የተቀበለ ነው። ሁለቱም በአንድ ልብ ያድራሉ።

የወረኢሉ ሰው ይህን ከታሪኩም ያውቀዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ሠራዊት በጥቅምት እንዲከትት የታዘዘው በወረኢሉ ነበር። ከዘመተው ሁሉ የተመለሰው ሁሉም አይደለም። ባሏን ሸኝታ የቀረች ሴት ኩራቷን ከናፍቆቷ እንድትለይ ቢጠይቋት ምን ትመልስ ነበር?

ስለሆነም ለሙያ ጓደኞቼ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። ዘፈኑን ለተማሪ ስናቀርብ «ስሜቱ የቱ ነው?» ከማለት ይልቅ፣ በእያንዳንዱ ስንኝ ዘፋኙ የሚያነጋግረው ማንን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ የሄደውን ወዳጅ ነው? ትዝታን ነው? ወይስ ራሱን? ስሜቱ የሚዞረው ተጠሪው በሚለወጥበት ስፍራ ነውና። ከዚያ በኋላ ተማሪው ሁለት ተቃራኒ ስሜቶችን ቢያገኝ፣ ማስረጃውን ከስንኙ እስካሳየ ድረስ፣ ግራ ተጋብቷል አንበለው።

ትምህርት ቤቱ በመስከረም ሲከፈት ያን ተማሪ ፈለግሁት፤ አልተመለሰም። ነጥቡን ላስተካክልለት ሳልችል ቀረሁ። ወረኢሉን ባሰብሁ ቍጥር ያች በቀይ የሰረዝኋት ቃል ትመጣብኛለች፤ ታሳፍረኛለችም፣ ታስደስተኛለችም።